የጓሳ ምድርና የመንዝ አባቶች ሕግ

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው አገሩን የሚያውቃት አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ነው። ከአንድ ወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል፤ ደብዳቤውም በመጨረሻ መዝገብ ቤት ይገባል። የወረዳውን ስም በቀን አሥር ጊዜ ሲጽፍ የሚውል ጸሐፊ፥ የዚያን ወረዳ ነፋስ በፊቱ ላይ ሳይሰማው ጡረታ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እኔም ብሆን ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። በማይክሮፎን ፊት ስለ አገር ታሪክ ስናገር ዓመታት ከቆጠርሁ በኋላ፥ ከምናገርለት አገር በእግሬ የረገጥሁት እጅግ ጥቂቱን መሆኑን ባሰብሁ ጊዜ አፈርሁ። ስለዚህ በሬድዮ ባሰማሁትና ዛሬ በዚህ ዓምድ በሚነበበው ንግግሬ፥ ከአዲስ አበባ ማልዶ የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደሚደርስበት ወደ መንዝ ደጋ ይዣችሁ ልሄድ አስቤአለሁ።

አገር መጎብኘት የተባለ እንደ ሆነ የሁላችንም አሳብ ወደ አክሱም ሐውልት፥ ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ጎንደር ግንብ ይሮጣል። ይህም ተገቢ ነው፤ አባቶቻችን በድንጋይ የጻፉልንን ማንበብ ግዴታችን ነውና። ነገር ግን በድንጋይ ያልተጻፈ ታሪክም አለ። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የፈለግሁት ቅርስ ሐውልትም ግንብም የለውም፤ ሣር ነው። ይህንን ሣር እስከ ዛሬ ያቆየው ግን ሰዎች በራሳቸው ላይ ያወጡትና በራሳቸው ላይ ያጸኑት ሕግ ነው። ሕግ ማርቀቅና ሕግ ማስፈጸም የዕለት እንጀራው የሆነ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መስተዋት የሚያገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ መንገዱን እንጀምር። ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያኽል ስንጓዝ ደብረ ብርሃን እንደርሳለን። ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በንጉሡ ዜና መዋዕል እንደ ተጻፈው፥ በሰማይ ላይ ብርሃን ስለ ታየ በዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ስፍራውንም ደብረ ብርሃን ብለው ሰየሙት። ንጉሡ በየጊዜው ከሰፈር ወደ ሰፈር መዘዋወርን ትተው የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህች ከተማ ነው፤ ያረፉትም በ1460 ዓ.ም. ነው። መንገደኛው በዚህ ትንሽ ቆይቶ ትኩስ ነገር ቢጠጣ አይጎዳም፤ ከዚህ በኋላ ብርዱ እየበረታ ይሄዳልና።

ከደብረ ብርሃን አልፈን ስንወጣ ሜዳው በድንገት የሚያልቅበት፥ ምድርም ወደ ምሥራቅ እንደ ግድግዳ የምትወርድበት ስፍራ ይገጥመናል፤ ይህ ጣርማ በር ነው። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶልዮ ብዙ ካሚዮን አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፥ በዚህ በር መንገዱን ፈርሶ ስላገኘው ጠግኖ እስኪያልፍ ድረስ ለመቆም ተገዷል። የኢጣልያ መንግሥት በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያሠራው የመኪና ዋሻም በዚሁ ይገኛል። ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ያንን ዋሻ ያልፋል፤ እኛ ግን ወደ ዋሻው ሳንገባ መንገዳችንን ወደ መሐል ሜዳ እናቀናለን። ከዚህ ጀምሮ ያለው አገር መንዝ ይባላል።

መንዝ በጥንቱ አከፋፈል ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ከሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ መነሻ የሆኑት ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተነሡት ከዚህ ደጋ ነው፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ዳግማዊ ምኒልክም ከርሳቸው ዘር ይወለዳሉ። አገሩ ከፍተኛ፥ ብርዱም ብርቱ ስለ ሆነ ገበሬው የሚያምነው በገብሱና በበጉ ነው። በበጉ ጠጕር ባና፥ ዝተትና በርኖስ ይሠራል። በአዲስ አበባ ገበያ የመንዝ ባና ገዝቶ በክረምት የለበሰ ሰው ሁሉ፥ ሳያውቀው የዚህ ደጋ ባለውለታ ነው።

አሁን ጓሳ ደረስን። ጓሳ የሣሩም የምድሩም ስም ነው። ምድሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ያኽል ከፍታ ላይ የተዘረጋ፥ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የውርጭ አገር ነው። ሣሩ በየጉቻው ቆሞ ነፋስ ሲመታው እንደ ባሕር ማዕበል ይተኛል፤ ደግሞ ይነሣል። በመካከሉ ጅብራው እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲወጣ፥ የቆመበትን ጫፍ የማያውቅ እንግዳ ወደ ፊት እንዳይራመድ ይጠንቀቅ። ከዚህ ደጋ ከሚፈልቁት ጅረቶች አንዳንዶቹ ወደ ምሥራቅ ወርደው አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ ሌሎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው የዓባይ ገባር ይሆናሉ። ጓሳ ውኃን ለሁለት የሚያካፍል የቤት ጣራ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የዱር እንስሳቱንም ለማየት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ጭላዳ ዝንጀሮ በሌላ አገር የማይገኝ፥ ከዝንጀሮ ወገንም ሣር እየነጨ የሚኖር ብቸኛው ነው። ወንዱ በትከሻው ላይ እንደ በርኖስ የተንዠረገገ ጎፈር አለው፤ በደረቱም ላይ ቀይ ምልክት ይታያል። ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ፥ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይመጣና ተቀምጦ ሣሩን በጣቱ እየለቀመ ይውላል። ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኝ ፍጥረት ሲሆን፥ በአገራችን ደጋዎች ሁሉ ተቆጥሮ ለአካለ መጠን የደረሰው ቍጥር ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። ከነዚህ ጥቂቶቹ በጓሳ ይኖራሉ።

በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ቀበሮው አይጥና ፍልፈል አዳኝ ነው። በጭላዳው መንጋ መካከል ቀስ ብሎ ሲዘዋወር ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። በጓሳ ተደርጎ በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ቀበሮው ብቻውን ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሚሞክረው ከመቶ 25ቱ ይሳካለታል፤ በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆኖ ሲሞክር ግን ከመቶ 67ቱ ይሳካለታል። መተማመን ካለ አውሬም ከጎረቤቱ ይጠቀማል ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው፥ የመንዝ ሰዎች በዚሁ ሣር ላይ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ተማመኑ ለመጠየቅ ይነሣሣል።

መልሱ በታሪክ ውስጥ ነው። በአገሩ አፈ ታሪክ ምድሩን ያቀኑት ቀደምት አባቶች አስቦና ጌራ ይባላሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የጓሳ አጠባበቅ ሥርዓትም የነዚህን የሁለቱን ተወላጆች ይዞ የቆመ ነው። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። የመሬቱ ይዞታ አጽመ ርስት ስለ ነበረ፥ የአስቦ ወይም የጌራ ልጅ ነኝ ብሎ ዘሩን የቆጠረ ሁሉ በጓሳው ላይ ድርሻ ነበረው። ጓሳው በሁለት ወገን ተከፍሎ በየወገኑ አንድ አለቃ ይመረጥለታል። አለቃው አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል። ከአለቃው በታች ያለው ሕዝብ ደግሞ በየአጥቢያው ተደልድሎ ጓሳውን በተራ ይጠብቃል።

ይህ ሕግ የሚያዘው በአጭሩ ይህ ነው። ጓሳው ይዘጋል፤ ሣሩ አድጎ እስኪጠና ድረስ ለሦስት፥ ለአራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ማንም ማጭድ አያስገባበትም፤ ከብትም አያሰማራበትም። ሣሩ ደረሰ ሲባል አባ ቄራው ሕዝቡን አማክሮ የሚከፈትበትን ቀን ይቈርጣል፤ ቀኑም ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅም በገበያም፥ ይነገራል። የተቈረጠው ቀን ሲደርስ ባለ ድርሻው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለመኝታ ይሆናል፤ ቍጥቋጦው ይታገዳል፤ ከብቱም ይግጣል። ክረምቱ ሲገባ እንደ ገና ይዘጋል። መጠበቅ የሚገባው በተራው ካልወጣ፥ ወይም ተደብቆ ያጨደ ሰው ከተገኘ፥ ቅጣቱ ቀላል አልነበረም፤ ከቅጣቱም ይልቅ በጎረቤት ፊት መዋረዱ ይከብድ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በተዘጋው ዓመት የገበሬው ቤት ሊያፈስ ይችላል፤ ላሙም ልትከሳ ትችላለች። ሣሩ ደግሞ ከደጁ ሆኖ በዓይኑ ያየዋል። ሌሊት ተነሥቶ አንድ ሸክም ቢያጭድ ጨለማው ይሸሽገዋል። ነገር ግን ነገ ተራው ደርሶ የሚጠብቀው እርሱ ራሱ ነው። ሰራቂውም ጠባቂውም አንድ ሰው ሊሆን ስለማይችል ጠባቂነቱን መረጠ። የቄሮ ሥርዓት ምሥጢር ይህ ይመስለኛል። ጥበቃውን ለቅጥር ዘበኛ ሳይሰጥ ለባለቤቱ ለራሱ ሰጠው።

እኛ በመሥሪያ ቤት አካባቢ የምንሰማው አንድ የቆየ ተረት አለ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ይህን ተረት የምንደግመው እየሣቅን ነው፤ ነገር ግን ሣቃችን ብዙ የመንግሥት ንብረት አስበልቷል። የአባ ቄራው ሹመት ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይስማማም። እርሱ የሚሾመው እንዲበላ ሳይሆን ሌላው ያለ ጊዜው እንዳይበላ ነው፤ የራሱም ከብት ከሌላው ከብት ጋር ከአጥር ውጭ ይቆማል። በሹመቱ ያተረፈው ቢኖር በመክፈቻው ቀን ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ ሲታይ የሚያገኘው ምርቃት ነው። ከመንዝ ደጋ ይዘነው የምንመለስ ሌላ ተረት ባይኖር እንኳ፥ ይህ ምሳሌ ይበቃን ነበር።

ታሪክ ግን መልካሙን ብቻ የሚያወራ ከሆነ ስብከት እንጂ ታሪክ አይሆንም። የቄሮ ሥርዓት ጉድለትም ነበረበት። ድርሻው የሚገኘው በትውልድ ስለ ሆነ፥ ዘሩን ከአስቦና ከጌራ መቍጠር ያልቻለ ሰው በዚያው አገር ተወልዶ በዚያው ቢያረጅም ከጓሳው ደጅ ቆሞ ይቀራል። ዝምድና ያልሰጠውን ልፋት አይሰጠውም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በወጣው አዋጅ ርስትና ጉልት ተሻረ። አዋጁ የወጣው መሬት ላራሹ እንዲሆን ነው፤ ለብዙ ሰውም ትልቅ ደስታ ሆነ። ነገር ግን በአዲስ አበባ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈው ይህ ወረቀት ጓሳ በደረሰ ጊዜ፥ አጽመ ርስቱን ሲሽር በአጽመ ርስቱ ላይ የቆመውን ጥበቃም አብሮ ሻረው። አባ ቄራው አለቃ መሆኑ ቀረ። ጓሳው የሁሉ ሆነ፤ የሁሉ የሆነው ነገር ደግሞ ጠባቂ ካልተሠራለት የማንም አይሆንም። ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ ጀመር፤ ዓመት የሚጠበቅለት ከብትም ሳይጠበቅለት ገባ።

አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ጓሳን ለማጥፋት አስበው እንዳልጻፉት ግልጥ ነው። ምናልባት የጓሳን ስም የሰማ ከመካከላቸው አልነበረም። የነገሩ አስጨናቂነት ይህ ነው። በክፋት የተጻፈ ወረቀት ብቻ አይደለም አገር የሚጎዳ፤ ሳያውቁ የተጻፈም ይጎዳል። እኛ ብዕር ጨብጠን የምንውል ሰዎች ከዚህ ታሪክ ልንማረው የሚገባ ዋና ነገር ቢኖር እርሱ ነው። አንድን አሮጌ ሥርዓት ስንሽር፥ ያ ሥርዓት በጎን በኩል ያቆመው ምን እንደ ነበረ አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል።

ደግነቱ የመንዝ ገበሬ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የአባቶቹ ሕግ በስሙ ቢሻርም በልቡ አልተሻረም ነበር። በጓሳው ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት በጊዜው ባገኙት አዲስ አቋም ውስጥ አሮጌውን አሳብ መልሰው አስገቡት፤ ኮሚቴ መረጡ፤ የውስጥ ደንብ አወጡ፤ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ እንደ ገና ወሰኑ። በዚህ ጊዜ ግን ድርሻው በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። ስለዚህ ከአሮጌው ሕግ ጥበቃውን፥ ከአዲሱም እኩልነቱን ወስደው አንድ አደረጉ። ይህን ያደረጉት ከማንም መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ሳይደርሳቸው ነው። በኋላም በ2000ዎቹ ዓመታት የአማራ ክልል መንግሥት ምድሩን በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናላቸው። ሕዝቡ በተግባር የጻፈውን መንግሥት በቀለም ደገመው ማለት ነው፤ የአጻጻፉ ተራ እንዲህ ሲሆን ሕግ ዕድሜ ያገኛል።

እንግዲህ ወደዚህ ምድር የሚሄድ ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ደረጃ፥ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሚያውቁ ሰዎች ይጠይቅ፤ ሰላም በሌለበት ጊዜ ጉዞ ድፍረት እንጂ ጉብኝት አይባልም። ሁለተኛ፥ በጋው ፀሐያማ ቢመስልም ሌሊቱ ውርጭ ነውና ወፍራም ልብስ ይያዝ፤ ባይኖረውም እዚያው ከገበሬው እጅ ባና ይግዛ፤ ገንዘቡ ላመረተው ሰው በቀጥታ ይደርሳል። ሦስተኛ፥ ብቻውን አይሂድ፤ ምድሩን የሚያውቅ የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ ይውሰድ። ከፍታው ለለመደው እንጂ ለእንግዳ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር፥ በመጀመሪያው ቀን በዝግታ ይራመድ።

ሲነጋ ወደ ገደሉ ጫፍ ወጥቶ ጭላዳዎቹ ከሥር ሲመጡ ይመልከት፤ ቁጭ ብሎ ዝም ካለ እርሱንም ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት በአጠገቡ ይግጣሉ። ቀይ ቀበሮ ያየ እንደ ሆነ አይከተለው፤ በሩቁ ሆኖ በመነጽር ይየው። ከቤት ያመጣውን ውሻ ይዞ አይሂድ፤ የውሻ በሽታ ለቀበሮው ዋና ጠላቱ ነውና። ከሰዓት በኋላ ወደ መንደር ወርዶ ከሽማግሌዎች ጋር ይቀመጥ። የገብስ ቆሎ ይቀርብለታል፤ ጠላም አይጠፋም። ያን ጊዜ ስለ ቄሮ ይጠይቅ። ነገር ግን እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ተማሪ ይጠይቅ፤ «አባባ፥ በተዘጋው ዓመት የእርስዎ ቤት ሲያፈስ እንዴት ያደርጉ ነበር?» ይበላቸው። በየሥራው ለሚገጥመው ፈተና መልስ የሚሆን ቃል ሳይሰማ አይመለስም።

ልጆቻችንንም ይዘን እንሂድ። የከተማ ልጅ ሕግ ማለት የትራፊክ ፖሊስ ፉጨት ይመስለዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካውን ሣር በዓይኑ አይቶ፥ «ይህን ማን ጠበቀው?» ብሎ ቢጠይቅና «ሁሉም» የሚል መልስ ቢያገኝ፥ በትምህርት ቤት ከሚሰጠው የሥነ ዜጋ ትምህርት ያላነሰ ነገር ተማረ ማለት ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከጓሳ የተመለስሁት ሰኞ ጠዋት ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱ ተከምሮ ጠበቀኝ፤ በመካከሉም በስም ብቻ ስለማውቀው ወረዳ የተጻፈ አንድ ጉዳይ ነበረበት። እንደ ልማዴ ፈርሜ ወደ ሌላ ክፍል ልመራው ብዕሬን አነሣሁ። ከዚያም አስቀመጥሁትና ስልኩን አንሥቼ፥ ጉዳዩ ስለሚመለከታቸው ሰዎች የሚያውቅ ሰው ፈለግሁ። አንድ ሰዓት ያኽል ፈጀብኝ። ወረቀቱም በዚያ ቀን አልወጣም፤ በማግሥቱ ሲወጣ ግን አንድ አንቀጽ ተለውጦ ነበር። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ ወደ መንዝ ደጋ የሄደ ሰው ከባናው ሌላ ምን ይዞ እንደሚመለስ ላሳያችሁ ብዬ ነው።